ገመዱን አትቁረጡት

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከቤቴ ስወርድ የደረጃው መግቢያ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ። ማኅተም አለው፤ ፊርማ አለው፤ ቁጥርና ቀን አለው። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ሳላነብ ማለፍ አልችልም። እንዲህ ይላል፤ «የሕንፃውን ገጽታ ስለሚያበላሽ ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ በበረንዳ፣ በኮሪደርና በግቢው ውስጥ ልብስ ማስጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው። ይህን በሚተላለፍ ነዋሪ ላይ የ500 ብር ቅጣት ይጣላል።» ከሥሩ በእስክሪብቶ የተጨመረ አንድ መስመር አለ፤ «ዘመናዊ ማድረቂያ ማሽን በጋራ ለመግዛት የምትፈልጉ በኮሚቴው ቢሮ ተመዝገቡ።»

ኅዳር 1 ቀን ጧት የግቢያችን ጥበቃ ቢላዋ ይዞ ወጣ። ምሰሶዎቹን ከዓመታት በፊት አንድ አናጢ ጎረቤታችን ከግንባታ በተረፈ ብረት ያቆማቸው ናቸው። በሁለቱ መካከል ስድስት ገመድ ተወጥሮ ነበር። ጥበቃው ስድስቱንም አንድ በአንድ ቆረጣቸው። አልፈርድበትም፤ ታዝዞ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ገመዶቹን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሲያደርጋቸው አየሁ። «ቤት ይዣቸው ልሂድ፤ ለልብስ ማስጫ ይሆኑኛል» አለኝ።

ውድ አንባቢ፣ ስለ ልብስ ገመድ መጻፍ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የማይመጥን ተራ ጉዳይ መስሎ ሊታይህ ይችላል። እኔ ግን የተራ ነገር ጠበቃ ሆኜ መቆም አያሳፍረኝም። አንድ ኅብረተሰብ በምን እንደሚያፍር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከማስታወቂያ ሰሌዳው ይጀምር።

እስቲ በቃሉ እንጀምር። ኮሚቴው «ገጽታ» ብሏል። ገጽታ ከ«ገጽ» የመጣች ቃል ናት። ገጽ ፊት ነው፤ ገጽ የመጽሐፍም ገጽ ነው። የግቢያችን ገመድ በዚህ በሁለተኛው ትርጉም እውነተኛ ገጽ ነበር፤ ማንበብ ለሚችል የሚነበብ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሕፃን መወለዱን ያወቅነው በተርታ ከተሰቀለው ነጭ የሽንት ጨርቅ ነው። የአንደኛው ፎቅ ወይዘሮ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ጥቁር ቀሚሳቸው ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ገመዱ ላይ ይውል ነበር። አንድ እሑድ በምትኩ ነጭ ነጠላ ተሰጥቶ ስናይ ሐዘናቸውን ማውጣታቸውን ተረዳን፤ ደፍረንም ቡና ጠራናቸው። መስከረም ሲጠባ በተርታ የሚሰቀለው ዩኒፎርም ስንት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት እንደተመለሰ ይነግረን ነበር። አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ወጣት የፋብሪካ ቱታው ከገመዱ ሲጠፋ ከሥራ መሰናበቱን ከማንም በፊት ያወቁት ልብስ የሚያሰጡት ሴቶች ናቸው። ሳያፍር እንዲቀበላቸው «ተርፎ ነው» እያሉ ወጥ ይልኩለት ነበር።

«ይኸው ነዋ ችግሩ! የሰው ገበና አደባባይ ወጣ» የሚለኝ አይጠፋም። ይህን ሙግት አልንቀውም፤ ሐሜት የሚባል ነገር መኖሩንም አልክድም። ነገር ግን ገበናን መሸፈን ለእናቶቻችን አዲስ ጥበብ አይደለም። የውስጥ ልብስ ከመሀል ገመድ ይሰጣል፤ ከፊትና ከኋላው አንሶላና ነጠላ ይዘረጋል። ይህን ደንብ የጻፈው ኮሚቴ የለም፤ ማኅተምም የለውም። ልጅ ሳለሁ እናቴ ሳፋውን አስይዛኝ ስታሰጣ በዓይኔ የተማርኩት ነው። ገበናና ገጽታ ለየቅል ናቸው። ገበና የሰውን ክብር ለመጠበቅ የሚሸፈን ነገር ነው፤ ገጽታ የሚሉት ግን የሚያልፈው መኪና እንዳይጸየፈን የሚሸፈን። አንዱ ለእኛ ነው፤ ሌላው ለማያውቀን መንገደኛ።

ቋንቋችን ለዚህ ሥራ የሰጠው ግሥም ደስ ይለኛል። ጤፉ ይሰጣል፤ በርበሬው ይሰጣል፤ ብቅሉ ይሰጣል፤ ልብሱም ይሰጣል። ለፀሐይ የሚዘረጋው ሁሉ በአንድ ግሥ ይጠራል። የእህሉን ስጥ ከዶሮ የሚጠብቅ ልጅ በየቤቱ ነበረ፤ ልብሱንም ከድንገተኛ ዝናብ የሚያነሣ ጎረቤት በየግቢው አለ። «ኧረ ዝናቡ መጣ፣ የእነ እንትና ልብስ!» የሚለው ጩኸት በእኛ ሕንፃ እስከ ጥቅምት ድረስ ይሰማ ነበር። ማድረቂያ ማሽን ቢበላሽ ጎረቤት አይጮኽልህም፤ የጥገና ሠራተኛ ትጠራለህ።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ እንጀራዬ ነውና።

አንድ መካከለኛ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ የሚያጥበው ልብስ በማሽን ተጠምዞ ሲወጣ እንኳ ሦስት ሊትር ያህል ውኃ በውስጡ ይይዛል። አንድ ሊትር ውኃን በሙቀት ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ወደ 0.65 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል። ይህ የተፈጥሮ ዋጋ ነው፤ በድርድር አይቀነስም። ሦስት ሊትሩ ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ተራው ማድረቂያ አየሩንና ራሱን ጭምር ስለሚያሞቅ 3 ገደማ ይወስዳል። ከእንፋሎቱ ሙቀቱን መልሶ የሚጠቀም ዘመናዊ ማሽን ፍጆታውን በግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ዋጋው ግን የእኔን ደመወዝ ለሚያገኝ ሰው የሚነሣ አይደለም። ለንጽጽር ያህል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ማሽኑ አንድ ሳፋ ልብስ በሚያደርቅበት ኃይል ሚስቴ አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ እንጀራ ትጋግራለች። ምጣዱ የሚሰጠንን እንጀራ ከሌላ በነፃ አናገኝም። ማሽኑ የሚሰጠንን ደረቅ ልብስ ግን ሰማዩ በየቀኑ በነፃ ያቀርብልናል።

እኛ ደግሞ ያለንበትን እናስብ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ ወደ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ከራስ ቅል ይገባል፤ ነፋሱ ይነፍሳል። ሸሚዝ ከቁርስ በኋላ አስጥተህ ከምሳ በፊት ታነሣዋለህ። ነጠላማ ቡናው ሦስተኛውን ሳይደርስ ይደርቃል። ፀሐይዋ ጀርምም ትገድላለች። ተውሳክ የምታደርሰው ቀለም በማደብዘዝ ነው፤ እሱም ልብሱን ገልብጦ በማስጣት ይድናል። በማሽኑ ወንፊት ላይ የሚጠራቀመውን ለስላሳ ብናኝ አይታችሁታል? እሱ ቆሻሻ አይደለም፤ ልብሳችሁ ነው። በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እየተላገ የሚወጣ ልብሳችሁ። ያ ብናኝ ሳይጠረግ ቀርቶ እሳት ስለሚይዘው፣ በአሜሪካ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ የቤት ቃጠሎዎች ከማድረቂያ ማሽን ይነሣሉ።

ታላቅ እኅቴ የምትኖረው እዚያው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናታችን የላከችላትን ባለ ጥለት ነጠላ ማሽኑ ውስጥ ከታ የሕፃን መሐረብ አክሎ ወጣ። ስታለቅስ ደውላልኝ፣ «ለምን በረንዳ ላይ አላሰጣሽውም? ፀሐይ የለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት። «አንተ ልጅ፣ ፀሐይስ ሞልቶ፤ የኪራይ ውሉ ላይ በረንዳ ላይ ልብስ መስቀል ክልክል ነው ይላል» አለችኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁባት፤ እንዲህ ያለ ነገር በሰው አገር ብቻ የሚደረግ መስሎኝ ነበር።

የዚህን እፍረት የትውልድ ሐረግ ከዚያ በኋላ ነው ፈልጌ ያነበብኩት። በ1938 እ.ኤ.አ. ሃሚልተን የተባለ የአሜሪካ ፋብሪካ ለገበያ ያወጣው ማድረቂያ ማሽን ስሙ «ጁን ዴይ» ነበር፤ «የሰኔ ቀን» ማለት ነው። በእነሱ አገር ሰኔ የጠራ የበጋ መግቢያ ነውና ማሽኑ ሊኩራራ የቻለው በተካው በፀሐይ ስም ብቻ ነው። (በእኛ አገር «የሰኔ ቀን» የሚባል ማድረቂያ ማን ይገዛል?) በ1956 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ኤሌክትሪክና ዌስቲንግሃውስ ከኤሌክትሪክ አከፋፋዮች ጋር ሆነው «በኤሌክትሪክ የተሻለ ኑሮ» የተባለውን ታላቅ የማስታወቂያ ዘመቻ ከፈቱ። ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ቤቶች በራቸው ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ሜዳሊያ ይለጠፍላቸው ጀመር። ኋላም የመኖሪያ መንደር ማኅበራት የልብስ ገመድን በውስጠ ደንባቸው ከለከሉ፤ ምክንያታቸውም የቤት ዋጋ ይቀንሳል የሚል ነው። እንግዲህ ገመድ የድህነት ምልክት የሆነው በተፈጥሮው አይደለም። የኤሌክትሪክ ሻጭና የቤት ሻጭ ተጋግዘው ያሳደጉት እፍረት ነው።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ፍሎሪዳ ገና በ1980 እ.ኤ.አ.፣ ኮሎራዶ በ2008፣ ሜይንና ቨርሞንት በ2009፣ ሜሪላንድ በ2010፣ ካሊፎርኒያ በ2015 ክልከላውን የሚሽር ወይም የሚገድብ ሕግ አወጡ። የካናዳዋ ኦንታሪዮም በ2008 እንዲሁ አደረገች። የእኅቴ ዓይነቱ ትልቅ የኪራይ ሕንፃ ሕጉ ሳይነካው ቀረ እንጂ፣ ዜጎች ልብሳቸውን በፀሐይ የማድረቅ መብታቸውን ለማስመለስ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ድረስ ሄደዋል። ክቡር የኮሚቴያችን ሰብሳቢ፣ እነሱ በስንት ሙግት በሕግ ያስመለሱትን እርስዎ በአንድ ገጽ ማስታወቂያ ሊያስጥሉን ነው።

በስብሰባው ላይ ሰብሳቢው ዱባይንና ሲንጋፖርን ጠቅሰዋል። ዱባይ እውነት ነው፤ ከመንገድ በሚታይ በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ያስቀጣል። ያንን ልብስ አጥበው፣ አድርቀው፣ ተኩሰው በቁም ሣጥን የሚያስገቡት ስንቶቹ የእኛ እኅቶች እንደሆኑ ግን አልተነሣም። በሲንጋፖር ግን ተሳስተዋል። ያ መንግሥት ለሕዝቡ በሠራቸው ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ የልብስ ማስጫ የቀርከሃ ዘንግ የሚሰካበት ቀዳዳ ከግድግዳው ጋር አብሮ ተሠርቶ ነበር። ከአሥራ ምናምነኛው ፎቅ ሸሚዝና ሱሪ እንደ ባንዲራ ሲውለበለብ የኖረባት ከተማ ናት፤ ዘንጉ ሀብታም ከመሆን አላገዳትም።

የራሳችንም ኮንዶሚኒየም ቢሆን ይህን አስቦ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ግንባታው ሲጀመር ከመኖሪያ ብሎኮቹ ጎን የጋራ መገልገያ ሕንፃ ታቅዶ ነበር። ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በበዓል በግ የሚታረድበት። የአበሻ ኑሮ በአንድ ክፍል እንደማይወሰን የገባው ሰው ነው የነደፈው፤ ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር። በእኛ ግቢ ያ ሕንፃ ዛሬ ፑል ቤት ነው። ኪራዩን ኮሚቴው ይሰበስባል። ወንዶች ልጆቻችን እዚያ ውስጥ በቀን ኤሌክትሪክ አብርተው ኳስ ይገፋሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ እርጥብ አንሶላ ታቅፈው የት እንደሚያሰጡት ይጨነቃሉ።

ስለ አንዲት ሴት ልናገርና ወደ መጨረሻው ልሂድ።

በሕንፃችን የሰባት ቤት ልብስ የምታጥብ እናት ነበረች። እጆቿ በበረኪናና በኦሞ ተሰነጣጥቀው ጣቶቿ ቀጥ አይሉም። ከዓመታት በፊት፣ እኔ ገና በባንኩ መስኮት ላይ በተቀመጥኩበት ሰሞን፣ ያቺው እናት ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ ልትገዛ መጣች። ጎረቤቴ መሆኔን አላወቀችም ነበር። ከመቀነቷ አውጥታ የቆጠረችልኝ ብር እርጥብ ነበረ። ቅጹ ላይ መፈረም ስላልቻለች የአውራ ጣቷን አሻራ ልወስድ ቀለሙን አቀረብኩላት። ሳሙና የጣት መስመሯን አጥፍቶት አሻራው ሦስቴ ሳይወጣ ቀረ። በአራተኛው በግድ ታየ። ያችን ወረቀት ስንት ጊዜ ግጥም ላደርጋት ሞክሬ አቃተኝ።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋዋት። እልል አልን፤ ተገቢ ነበር። ያቺ እናት ከተማው ጫፍ የተከራየችው ቤት ግን ዛሬም መብራት የሚገባው ከአከራይዋ በተጠለፈ አንድ ሽቦ ነው። አምፖል እንጂ ሌላ ነገር መሰካት አይፈቀድላትም። ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው እሷ ያላትን አምፖል እንኳ አላገኘም። መስመሩ የገባልን እኛም ብንሆን ታሪፉ ከ2017 መጀመሪያ አንሥቶ በየሩብ ዓመቱ ሲጨምር እያየን ነው። በዚህ መሀል፣ በጣት አሻራዋ ከቆመው ግድብ የሚመጣውን ኃይል፣ ፀሐይ ደጃችን ላይ ቆማ ሳለች ለአንሶላ ማድረቂያ ልናውለው ነው። ለእሷ ደግሞ የሚደርሳት ይህ ነው፤ ገመዱ ከተቆረጠ ወዲህ ከሰባቱ ቤቶች አራቱ «ማስጫ የለንምና ሌላ መላ እስክንፈልግ ቆዪ» ብለዋታል። ቆዪ የተባለች ሴት ምን እየበላች እንደምትቆይ በማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም።

ልብስ አጣቢን በንቀት ያላለፈ አንድ ዓይን ለዓለም ያተረፈውን አስታውሳለሁ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆመው፣ ከማጠቢያው በታች ባለው ውኃ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ምልከታ በተወለደው ምርምር እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ወንዙ ዳር ያኔ «ገጽታ ያበላሻል» የሚል ሰሌዳ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ ሴቶቹም እዚያ ባልተገኙ፣ ዶክተሩም ባላዩ።

የተቃዋሚዎቼ እውነት የት ላይ እንደሆነ አልደብቅም። ክረምት አለ። በሐምሌ ሦስት ቀን ተሰጥቶ የማይደርቅ ጂንስ አውቃለሁ፤ ለብሼው መስኮት ላይ ተቀምጬ ደንበኛ አፍንጫውን ሲይዝ አይቻለሁ። ከላይ ፎቅ የሚንጠባጠብ ውኃ የታች ጎረቤትን የደረቀ ልብስ ሲያበሰብስ ጠብ ተነሥቶ ያስታረቅሁ ራሴ ነኝ። አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ ያለበት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሆቴል ማሽን ቢኖራቸው ማን ይቃወማል? የሚገዛም ይግዛ፤ በገንዘቡ ነው። የምቃወመው ፀሐይን መከልከልን ነው። ተጠምዞ ያልተንጠፈጠፈ ልብስ በረንዳ ላይ አይሰቀል ይባል፤ እስማማለሁ። በዋናው መንገድ በኩል አይሁን፣ በጓሮ ይሁን ይባል፤ እስማማለሁ። የፑል ቤቱ ውል ሲያልቅ ሕንፃው ወደ ጥንት ዓላማው ይመለስና ለክረምት የሚሆን፣ ጣራው ብርሃን የሚያስገባ፣ ጎኑ ነፋስ የሚያሳልፍ ማስጫ ይሠራበት ይባል፤ ከኪሴ አዋጣለሁ። ይህን ሁሉ በጽሑፍ ለኮሚቴው አስገብቻለሁ፤ ገቢ የሆነበት ቁጥር አለኝ። መልስ ግን አልመጣልኝም።

ዛሬ እሑድ ነው። እናቴ ከገጠር መጥታ ሰንብታለች፤ ጋቢዋን ትናንት ማታ አጠብነው። ውኃ የጠጣ ጋቢ ለሁለት ሰው ይከብዳልና እኔና እሷ ከዳርና ከዳር ይዘን ጠመዝነው። እስኪንጠፈጠፍ መታጠቢያ ቤት አሳድረን ጧት በበረንዳው ብረት ላይ ዘረጋነው። ይህን ስጽፍ ነፋሱ ጥለቱን እያነሣ ይጥለዋል። ጥበቃው ከታች ቀና ብሎ አየኝ፤ እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሰጠኝና ወደ ቢሮው ገባ። ለማን እንደሚደውል አውቃለሁ። 500 ብሩን አዘጋጅቻለሁ፤ ደረሰኝ ግን እፈልጋለሁ። በደረሰኙ ላይ «የክፍያው ምክንያት» በሚለው ቦታ እንዲሁ «ቅጣት» ብለው እንዳያልፉት፣ «በፀሐይ ስለተጠቀመ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍልኝ።